ሬዲዮ የላት፣ ምንጣፍ የላት፣ ዋጋዋ ግን ሰማይ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ የመኪና ገፅ፣ አዳማ

ባለፈው እትም መሀል ገፅ ላይ የፌራሪ ኤፍ 40ን ፎቶ ያወጣነው ያው ልጆች ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል ብለን ነበር፣ ጥያቄው ግን ከሲኖትራክ ሹፌር ጀምሮ እስከ ባንክ ሰራተኛ ድረስ ጎረፈ፣ ግማሹ ደሞ ውርርድ የተያዘበት ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ገፅ ሙሉውን ለሷ ለቀናል። ስለ ቪትዝ ካምቢዮ ድምፅና ስለ ባጃጅ ካርቡሬተር የጻፋችሁ ሰዎች አንድ ወር ታገሱን፣ የናንተ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ ፍራንኮ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ፎቶውን እያየን ተጨቃጨቅን። እኔ ዩቲዩብ ላይ አይቻታለሁ፣ በሯ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ነው፣ ሬዲዮ የላትም፣ ወለሏ ላይ ምንጣፍ የለም ስለው እሱ ያየኸው ፎርጅዱን ነው፣ ፌራሪ እንዴት የአጎቴን ቪትዝ ያህል እንኳን እቃ አይኖራትም ብሎ ድርቅ አለ። የምሳ ውርርድ ይዘናል፣ ማነው ትክክል? (ከፍራንኮ)

መልስ፦ ብላ ምሳህን፣ ደሞ ክትፎ ይሁን። ያየኸው ዋናዋን ነው። የበሩ መክፈቻ ከውስጥ ገመድ ነው፣ ጎተት ስታደርገው ይከፈታል፣ በቃ ይሄው ነው። ሬዲዮ የለም፣ ክሩስኮቱ ላይ እቃ መክተቻ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ የበሩ የውስጥ ሽፋን እንኳን የለም፣ መጀመሪያ የወጡት ላይ የጎን መስኮቱ ራሱ ወደ ጎን የሚንሸራተት ፕላስቲክ ነበር፣ በእጅ እየተዘወረ የሚወርደው በኋላ ነው የገባላት። ፓወር መሪ የለም። ፍሬኑ ሰርቮ የለውም፣ እግርህ የረገጠውን ያህል ነው የሚይዘው። ኤቢኤስማ አታንሳው። የተረፈላት ኤሲ ነው፣ እሱም ሞተሩ ከጀርባህ ተቀምጦ ውስጡን ስለሚያፈላው እንጂ ለምቾት ታስቦ አይደለም፣ የአዳማን ግንቦት ለሚያውቅ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም።

ጓደኛህ ያልተያዘለት ነገር ምን መሰለህ፣ እቃው ተረስቶ ወይ ገንዘብ አጥሮ አይደለም የጎደለው፣ ሆን ተብሎ ነው የወጣው። መኪናዋ ዘይትና ቤንዚን ሳይሞላባት 1100 ኪሎ ነው የምትመዝነው፣ ከአጎቱ ቪትዝ ብትበልጥ በጥቂት መቶ ኪሎ ነው። ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት፣ ኤፍ 40 ደሞ 478። ሰባት እጥፍ ማለት እኮ ነው! ሰው ሁሉ 478 የሚለውን ቁጥር ነው የሚያወራው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ግን ዋናው ቁጥር 1100 የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ጉልበት ስትጨምር የምትጠቀመው ስትነዳ ብቻ ነው፣ ስትቆም እንደውም ፍሬኑ ላይ ስራ ጨመርክበት። ኪሎ ስትቀንስ ግን ስትነሳም ትጠቀማለህ፣ ኩርባ ላይም ትጠቀማለህ፣ ስትቆምም ትጠቀማለህ፣ ጎማህም ቀስ ብሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ሰዎቹ ከሬዲዮ ጋር የተጣሉት። ቀለሙን ሳይቀር በጣም ስስ አድርገው ስለቀቡት ቀረብ ብለህ ስታይ ከስሩ አካሏ የተሰራበት የካርቦን ፋይበር (እንደ ጨርቅ የተሸመነ ቀላልና ጠንካራ ክር) ሽመና ይታያል፣ በር ስትከፍት ደሞ ክፍሎቹ የተጣበቁበት አረንጓዴ ሙጫ ሳይሸፈን ፊትህ ላይ አለ፣ በዚህ ዋጋ እኮ ነው። የዛሬ ሀብታም ቢሆን ኖሮ አልረከብም ይል ነበር።

ወንበሯ ግን አልተናቀም። ቅርፊቱ ከካርቦንና ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ሰው ሰራሽ ክር የተሰራ ነው፣ በተለያየ መጠን ይሰራ ስለነበረ ገዢው በሰውነቱ ልክ ነበር የሚመርጠው።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፣ ሲኖትራክ ነው የምነዳው፣ ልጄ ነው መፅሄቱን ያሳየኝ። ይቺ መኪና ቱርቦዋ አስፈሪ ነው ገዳይ ነው ይለኛል፣ እኔ ስንት አመት ቱርቦ ስነዳ ኖሬ ምኑ እንደሚያስፈራ አልገባኝም። ሌላው ደግሞ ከኋላ መሀል ላይ ሶስት ማርሚታ ደርድረዋል፣ ስራ አለው ወይስ ለፉከራ ነው? (ከአዳማ፣ መናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎናል፣ ምክንያቱም እርስዎ ግማሹን መልስ በእጅዎ ይዘውት ነው የጠየቁን። የእርስዎ ሲኖ ባለ 371 ከሆነ ሞተሩ ወደ 9.7 ሊትር ነው፣ ኤፍ 40 ደግሞ 2936 ሲሲ፣ ማለትም ሶስት ሊትር እንኳን አይሞላም፣ ስምንት ሲሊንደር በቪ ቅርፅ ተደርድሮ፣ ከዛ ውስጥ ነው 478 ፈረስ የሚያወጡት። እንዴት ቢሉ ሁለት ቱርቦ አስረውበታል፣ አይኤችአይ የሚባል የጃፓን ስራ፣ አየሩን በኢንተርኩለር አቀዝቅዞ እስከ 1.1 ባር ግፊት ድረስ ጠቅጥቆ ያስገባል።

አሁን ልዩነቱ ይሄ ነው። የእርስዎ ሞተር ናፍታ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከታች ከ1100 ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጥዎታል፣ 2200 ሲደርስ ስራው አለቀ፣ ስለዚህ ቱርቦው መጣ ሄደ የሚሉት ነገር ብዙም አይታወቅዎትም። ኤፍ 40 ግን ትንሽ ሞተር ናት፣ ከታች ሲሆን የሚወጣው ጭስ ቱርቦውን ለማሽከርከር አቅም የለውም፣ በዛ ላይ ቱርቦ ሲጠቀጥቅ ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ብለው ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን መጠን) ዝቅ አድርገውታል፣ 7.7 ለ 1 ገደማ ነው፣ እና ከታች ዙር ላይ ሰነፍ ሞተር ናት። ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ምንም የለም። ሂሳብ አምጣ ተብሎ እንደሚጠፋ አስተናጋጅ ዝም ይላል፣ ከዛ ዙሩ ወደ 4000 ሲጠጋ ጉልበቱ በአንዴ ይመጣል። ያ ሰአት መሪዎ ቀጥ ካላለ፣ ወይ ኩርባ ጨርሰው ሳይወጡ ከሆነ፣ የኋላ ጎማው ይሄዳል፣ የሚይዝልዎ ኮምፒውተር የለም። ልጅዎ አስፈሪ ያለው እሱን ነው፣ እውነቱን ነው። በኛ ግምት ግን አስፈሪነቱ ትንሽ ተጋኗል፣ ጊዜውን ቆጥሮ ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር ይለምደዋል፣ እርስዎ ከአዋሽ ተነስተው ጭነት ይዘው ሲወጡ ማርሹን ቀድመው አይደል የሚያዘጋጁት፣ ኤፍ 40 ነጂውም ኩርባውን ሳይጨርስ ነዳጁን ረግጦ ጉልበቱ ሲመጣ መንገዱ ቀጥ እንዲልለት አድርጎ ነው የሚያሰላው።

ማርሚታዎቹን በተመለከተ፣ ሁለቱ የዳርና ዳሩ ናቸው የሞተሩ ጭስ መውጫ፣ አንዱ ለግራ አራቱ ሲሊንደር አንዱ ለቀኙ። የመሀለኛው ዌስትጌቱ የሚተነፍስበት ነው። ቱርቦው ከተፈቀደለት ግፊት በላይ እንዳይሄድ ትርፉ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ በሌላ መንገድ መውጣት አለበት አይደል፣ ብዙ መኪና ላይ ይሄ ትርፍ ተመልሶ ከዋናው ማርሚታ ጋር ይቀላቀላል፣ እዚህ ግን የራሱን ቱቦ ሰጥተውታል። ስራ አለው እንግዲህ፣ ፉከራም አይጠፋውም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። አዳማ ከባህር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ወደ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ትንሽ ነው። ይሄን እርስዎ ከሚሌ ወደ ላይ ሲወጡ ከጎንዎ የሚያቃስቱትን ቱርቦ የሌላቸውን አሮጌ መኪናዎች አይተው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ለምን 40 ተባለች? ሌሎቹ ፌራሪዎች ስማቸው ሌላ ነው። ደሞ አንዳንዱ ሰው ኤንዞ ፌራሪ ራሱ የሰራት የመጨረሻ መኪና ይላል፣ ሽማግሌው በዛ እድሜ መኪና ይሰራል እንዴ?

መልስ፦ ሽማግሌው፣ የፋብሪካው መስራች ማለት ነው፣ ቁልፍ ይዞ አልሰራም፣ ይሰራ ብሎ የፈቀደው እሱ ነው፣ በህይወት እያለ የወጣች የመጨረሻዋም እሷ ናት። ቁጥሩ ደሞ የልደት ቁጥር ነው። በፌራሪ ስም የመጀመሪያዋ መኪና 125 ኤስ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፣ አርባ ጨምርበት፣ 1987 ይመጣል። ኤፍ 40 የፌራሪ ፋብሪካ ባለበት ማራኔሎ ላይ ለጋዜጠኛ የታየችው ሐምሌ 14 ቀን 1979 ዓ.ም ነው በኛ አቆጣጠር፣ እኛ ጋ ኢሕዲሪ ሊታወጅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ መንገዱ ላይ ላዳ ታክሲና ኤንትሬ ፊያት በሞላበት ጊዜ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ፊያት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ይዞ ነበር፣ ስለዚህ የኤንትሬውና የዚች መኪና ቤተሰብነት ቀልድ አይደለም።) ኤንዞ ያኔ 89 አመቱ ነበር፣ በአመቱ ነሐሴ 8 ቀን 1980 ዓ.ም አረፈ።

ግን የኔ ወንድም፣ የሚጣፍጠው ታሪክ ከዛ በፊት ያለው ነው። ፌራሪ 288 ጂቲኦ የምትባል መኪና ነበረችው፣ እሷም ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ 8፣ 272 ብቻ ተሰርታለች። የተሰራችው ግሩፕ ቢ የሚባል የውድድር ምድብ ውስጥ ለመግባት ነው፣ ህጉ ቢያንስ 200 መኪና ሰርተህ መሸጥ አለብህ ይላል። ከሷ ላይ ኤቮሉዚዮኔ የሚባሉ ጥቂት የውድድር መኪናዎች ሰሩ፣ 650 ፈረስ የሚያወጡ፣ ሰውነታቸው በካርቦንና በኬቭላር የተሰራ፣ ጨርሰው ሊወዳደሩ ሲሉ ግሩፕ ቢ ራሱ ተዘጋ። ያው ራሊው ላይ መኪናዎቹ ከሰው አቅም በላይ ሆነው ነበር፣ ግንቦት 1986 እ.ኤ.አ. ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ተቃጥለው ሞቱ፣ ከዛ የውድድሩ የበላይ አካል ከሚቀጥለው አመት ጀምሮ ምድቡ የለም አለ። ስለዚህ ማራኔሎ ውስጥ ተወዳድረው የማያውቁ፣ መንገድ ላይም የማይሸጡ መኪናዎች ተቀመጡ። ከነሱ ተነስተው ነው የመንገድ መኪና እንስራ የተባለው፣ የሞተሩን ስራ የያዘው ኒኮላ ማቴራዚ ነው፣ ቅርፁን የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪናዎች በሊዮናርዶ ፊዮራቫንቲ መሪነት፣ ከአመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጨረሱት። አሁን አንድ መኪና አራት አምስት አመት ነው የሚፈጀው።

እና ለሜካኒካል ተማሪ የሚጠቅምህ ነገር፣ ቻሲሱ የብረት ቱቦ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም፣ ብልሀቱ በዛ ቱቦ ላይ የኮምፖዚት (የካርቦንና የኬቭላር ክር በሙጫ ተጋግሮ የሚሰራ) ክፍሎችን በሙጫ ማጣበቃቸው ነው። ቱቦው ብቻውን ሲጠመዘዝ ይላላል፣ ኮምፖዚቱ ሲጣበቅበት ግን ሁለቱ አንድ አካል ሆነው መጠምዘዝን ይቋቋማሉ፣ ክብደቱ ደሞ ብዙም አይጨምርም። ሙጫ ሲባል እንዳትንቀው፣ አይሮፕላንም ይጣበቃል። አስተማሪህን ስለ ቶርሽናል ሪጂዲቲ፣ ማለትም መጠምዘዝን ስለ መቋቋም፣ ስትጠይቅ ይቺን ምሳሌ አንሳ፣ ክፍሉ በሙሉ ይነቃል።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ ስለምሰራ እኔን የሚገባኝ ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ መጀመሪያ 400 ብቻ እንሰራለን ብለው ነበር፣ ከዛ ከ1300 በላይ ሰሩ ይላል። ታዲያ ብርቅዬ የሚባለው በምን ሂሳብ ነው? አቅርቦት ሲጨምር ዋጋ ይወርዳል እያሉ አይደል ያስተማሩን? ዋጋዋንም ንገሩኝ፣ ማስገባትስ ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የፌራሪን ሰዎች ራሳቸውን የሚያስቀይም ነው፣ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ልክ ነሽ፣ 400 ተብሎ ነበር የታሰበው፣ ፈላጊው ሲበዛ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ እየሰሩ 1311 ገደማ ደረሱ። ከዘመዶቿ ጋር ስታስተያዪያት በዝታለች፣ 288 ጂቲኦ 272 ነበረች፣ ከሷ በኋላ የመጣችው ኤፍ 50 ደሞ 349፣ ኤንዞ የምትባለው 400፣ ከነዛ አንዷ ለጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የተሰጠችና ለሱናሚ ተጎጂዎች ተብላ በጨረታ የተሸጠች ናት። ግን 1311 በራሱ ስንት ነው? ቶዮታ በአመት 10 ሚሊዮን አካባቢ መኪና ያወጣል፣ በባንክ እጅሽ አካፍይው፣ ኤፍ 40 በአምስት አመት የተሰራችውን ያህል እነሱ በአንድ ሰአት ከምናምን ያወጣሉ።

ዋጋዋ አዲስ እያለች አሜሪካ ውስጥ ወደ 400 ሺህ ዶላር ነበር። ያኔ ወረፋ የያዘ ሰው መኪናውን ሳያየው ወረፋውን አትርፎ ይሸጥ ነበር፣ እኛ ሀገር ኮንዶሚኒየም እጣ ላይ የምናየው አይነት ነገር ነው፣ የፎርሙላ ዋን ነጂው የናይጄል ማንሴል የነበረችው 1990 እ.ኤ.አ. ላይ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። ከዛ ገበያው ወደቀ፣ ለብዙ አመት ደፍሮ የሚገዛት ጠፋ፣ አሁን ደሞ ደህናዋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ናት። ስለዚህ አቅርቦቱ ከ1992 ወዲህ አንዲት መኪና እንኳን ሳይጨምር ዋጋው ወጥቷል ወርዷል ወጥቷል፣ የሚንቀሳቀሰው ፍላጎቱ ነው ማለት ነው። ሰው ደሞ የሚፈልጋት ቁጥሯ ስላነሰ ብቻ አይመስለኝም፣ ኤፍ 50 አራት እጥፍ ገደማ ብርቅ ሆና ሳለ ስትወጣ ብዙ ሰው አልወደዳትም፣ ለረጅም ጊዜ በኤፍ 40 ጥላ ስር ነበረች፣ በዋጋ የበለጠቻት አሁን በቅርብ ነው።

ማስገባት ለሚለው አጭር ነው፣ አይቻልም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፣ ይቺ ደሞ ከነዳጅም ነዳጅ ናት።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው ግን ልቤ ፌራሪ ላይ ነው። 324 ትሄዳለች ብላችኋል። የአዲስ አበባ አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ለሊት መኪና በሌለበት ብትለቀቅ በስንት ደቂቃ ትደርሳለች? አይቻልም እንዳትሉኝ ሂሳቡን ብቻ ስሩልኝ።

መልስ፦ ሂሳቡን ብቻ ካልክ እሺ። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ 324 በሰአት ማለት በሰከንድ 90 ሜትር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዛ ፍጥነት ብትሄድ 16 ደቂቃ። በህጋዊው 120 ደሞ 42 ደቂቃ ገደማ። 26 ደቂቃ ተረፈህ፣ ቡና አትጠጣበት መቼስ።

ግን አንተ ባትጠይቀኝም የምለው አለኝ። ኤፍ 40 በሽያጭ ላይ ከዋሉ የመንገድ መኪናዎች በሰአት 200 ማይል ያለፈች የመጀመሪያዋ ተብላ ነው የወጣችው፣ ስሟን ያስጠራት አንዱ እሱ ነው፣ ሰው ሁሉም 324ን ይሸመድዳል፣ መኪናዋን ገዝተው ያቺን ቁጥር ያዩ ሰዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ይመስለኛል። በሰከንድ 90 ሜትር ስትሄድ ከፊትህ የሆነ ነገር አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪነካ የኳስ ሜዳ የሚያህል መንገድ አልፏል፣ ያውም ሰርቮ የሌለው ፍሬን። የእኛ መንገድ ደሞ አጥር ቢኖረውም በግ ይገባል፣ ሰው ይሻገራል። ሌላው ነፋሱ ነው፣ ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ እነዛን ተርባይኖች የተከሉት እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፣ 1100 ኪሎ የሆነ መኪና በዛ ፍጥነት ላይ ከጎን ንፋስ ሲመታው መስመር ሊያስቀይረው ይችላል፣ የኋላው ትልቅ ክንፍ ወደ መሬት ይጫናታል እንጂ ከጎን ለሚመጣ መፍትሄ የለውም። ለሊት ይሻላል ያልከውን ተወው፣ መብራቷ የ1980ዎቹ መብራት ነው።

አንድ የሚያፅናናህ ነገር፣ ባጃጅህም ያ መንገድ ላይ አይፈቀድላትም፣ ሁለታችሁም ከቲኬት መቁረጫው በር ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ሶስተኛ አመቴ ነው፣ ከአለቃዬ ጋር ስናወራ ያለ ኮምፒውተር መኪና ከሆነች እኛም እንሰራታለን ይላል። እውነት ግን እኛ ጋ ብትመጣ እንችላለን?

መልስ፦ አለቃህ ግማሽ እውነት አለው፣ እንደውም ከግማሽ በላይ። የኋላው አካል በሙሉ ከነ ክንፉ አንድ ላይ ተነስቶ ስለሚከፈት ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታይህ፣ እንደ ዘንድሮ መኪና ካንዴላ ለመቀየር ግማሹን ፕላስቲክ መንቀል የለም። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል ነው፣ ፍሪሲዮኑ ይከብዳል ግን ፍሪሲዮን ነው። የነዳጅ ኢንጀክሽኑ ግን ዌበር ማሬሊ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ አለው፣ ስለዚህ ኮምፒውተር የላትም የሚለው አይሰራም።

የምትቸገሩት በሌላ ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ስር አይቀመጥም፣ ለብቻው ታንክ አለው፣ በፓምፕ ነው የሚዞረው፣ ይሄም ሞተሩ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥና ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩን እንዳያስጠማ ነው፣ ደረጃውን ለማየት የራሱ ስርአት አለው፣ ዝም ብለህ ዲፕስቲክ መዝዘህ ካነበብክ ትሳሳታለህ። የቤንዚን ታንኮቹ ደሞ ብዙዎቹ ላይ ብረት አይደሉም፣ የውድድር መኪና የሚጠቀመው አይነት የጎማ ከረጢት ነው ውስጡ፣ ሁለት ናቸው፣ አንድ ላይ 120 ሊትር ይይዛሉ፣ ግን ጎማ ስለሆነ ያረጃል፣ በ10 አመት አካባቢ መቀየር አለበት፣ ተነድታም ቆማም ያው ነው። ብዙ ሰው መኪናዋን ጋራዥ ቆልፎባት ከርሞ ሊሸጥ ሲል የሚደነግጠው በዚህ ሂሳብ ነው። ቸርኬው መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው ያለው፣ የኋላው ጎማ 335 ነው ስፋቱ፣ እሱን አዳማ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁ የሚል ሰው ካለ ይደውልልን።

ግጭት ከሆነ ግን አለቃህ እጁን ይሰብስብ። ቆርቆሮ ስላልሆነ አይቀጠቀጥም፣ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መንፋት ደሞ ሀጢአት ነው፣ ምክንያቱም ቅድም ያልኩት በቀለሙ ስር የሚታየው ሽመና ገዢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ነገር ነው፣ ሽመናው ካልታየ ይቺ ተቀብታለች ብለው ዋጋ ይቀንሱባታል። የመጀመሪያውን የስስ ቀለም ስራ ያበላሸ መካኒክ በአንድ ከሰአት የአንድ ቤት ዋጋ ያህል አጠፋ ማለት ነው።

ከነገሩ ሁሉ እዚሁ ስራህ ላይ የሚጠቅምህ አንድ አለ፣ ቱርቦ ያለው መኪና በጉልበት ሲነዳ ቆይቶ እንደቆመ ወዲያው ሞተር አይጠፋም፣ ትንሽ በሚኒሞ ይቆይና ቱርቦው ይቀዝቅዝ፣ አለበለዚያ ውስጡ የቀረው ዘይት ይቃጠላል። ይሄ ለኤፍ 40ም ለአይሱዙም አንድ ነው፣ ደንበኞችህን ንገራቸው።

አጫጭሮቹን ደሞ በአንድ ላይ።

ቢጫ ኤፍ 40 ቲክቶክ ላይ አየሁ ያልከው ልጅ፣ ፋብሪካው ለገበያ ያወጣቸው ቀይ ነበሩ፣ ቢጫም ጥቁርም ሰማያዊም ካየህ በአብዛኛው ባለቤቱ በኋላ ያስቀባው ነው። ቢጫው ያምራል ትላለህ እንጂ እኔ አይዋጥልኝም።

የት ሄጄ ላያት ላልሽው የ11 አመቷ አንባቢያችን፣ ጣሊያን ሀገር ማራኔሎ ከተማ፣ ፋብሪካው አጠገብ የፌራሪ ሙዚየም አለ፣ ለማንም ክፍት ነው። እስከዛ ፎቶውን ግድግዳሽ ላይ በፕላስተር ለጥፊው፣ በሙጫ ከለጠፍሽው እናትሽ እኛን ነው የምትጠይቀን።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹን ትችላቸዋለች ወይ ላላችሁ ሁለት ሰዎች፣ መጀመሪያ የወጡት አይችሉም፣ በኋላ የተሰሩት አንዳንዶቹ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ሰስፔንሽን ገብቶላቸዋል፣ እሱም ቢሆን አንዳንዱ ሰፈር ህዝቡ በራሱ ሲሚንቶ የሰራውን ጉብታ አያውቀውም።

ቅዳሜ ሶስት ሆነን ሶደሬ ብንሄድባትስ ያላችሁት ደሞ፣ ወንበሯ ሁለት ነው። ሶስተኛው በባጃጅ ይከተል።